«በሩ ተከፍቷል» ሲባል፦ የእግዚአብሔር ጥበቃና የደቡቡ መንገድ

መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር የፍተሻ ሠራተኞች ከማላዊ የመጣ አንድ የጭነት መኪና አስቆሙ። በመኪናው ላይ ከተጫነው ኮንቴይነር ውስጥ የብረቱን ግድግዳ የሚመታ ድምፅ ሰሙ። ኮንቴይነሩ ሲከፈት 78 ሰዎች ታጭቀውበት ተገኙ። ከእነዚህ ውስጥ 64ቱ አየር አጥሯቸው ሞተዋል። በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። ሰዎቹም ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተነገረ።

ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም.፣ በሰሜን ማላዊ በሚገኝ ጫካ ውስጥ በጅምላ የተቀበሩ ሰዎች አስከሬን ተገኘ። እነርሱም ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም ተባለ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 2 ቀን ደግሞ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳርቻ የ27 ሰዎች አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ፖሊስ ስለ እነርሱም የተናገረው ከኢትዮጵያ የመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ዜና የመንግሥትና የፖሊስ ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታየን ይችል ይሆናል። ነገር ግን የእኛም፣ የወንጌላውያን ምእመናን፣ ጉዳይ ነው። ከሞያሌ ተነሥቶ በኬንያና በታንዛኒያ አልፎ ደቡብ አፍሪካ በሚገባው በዚህ መንገድ ከሚሄዱት ወገኖቻችን አብዛኞቹ ከሀዲያ፣ ከከምባታና ከአጎራባች አካባቢዎች የሚወጡ ናቸው። እነዚህ ደግሞ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት እጅግ ከተስፋፉባቸው የአገራችን ክፍሎች መካከል ናቸው። ስለዚህ በዚያ መንገድ ላይ ካሉት መካከል በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ፣ በመዘምራን ውስጥ ያገለገሉ፣ ከመሄዳቸው በፊትም እጅ ተጭኖባቸው የተጸለየላቸው ልጆቻችን አሉ። የተጸለየላቸውም እግዚአብሔር በመንገዳቸው እንዲጠብቃቸው ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። እግዚአብሔር ይጠብቅሃል ብለን የምንልከው ወጣት ኮንቴይነር ውስጥ ሲሞት ያመንነው ምን ነበር? በጥበቃው መታመን ማለትስ ምን ማለት ነው?

«በር ተከፍቷል» የሚለው ቃል

ስለ ደቡብ አፍሪካ ስደት ጥናት ያካሄዱ ተመራማሪዎች ደጋግመው የመዘገቡት አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከውጭ አገር የመጣ አንድ ሰባኪ በሆሳዕና ጉባኤ ላይ እግዚአብሔር ለሕዝቡ ወደ ደቡብ በር እንደሚከፍትና በዚያም በረከት እንደሚመጣ ትንቢት ተናገረ። ብዙ ሰዎች ቃሉን ስለ ደቡብ አፍሪካ የተነገረ አድርገው ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ የተሳካላቸው ሰዎች የላኩት ገንዘብ፣ በከተማው የተሠራው ሕንፃና የተገዛው መኪና ለትንቢቱ ማረጋገጫ ተደርጎ ተቆጠረ።

እርግጥ ነው፣ ስደቱን ያስነሣው ትንቢት ብቻ አይደለም። የእርሻ መሬት ጠብቧል፤ ሕዝቡ በዝቷል፤ ተምሮ ሥራ ያጣ ወጣት ብዙ ነው። ከአካባቢው የተወለዱ ሰው በደቡብ አፍሪካ የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው መሥራታቸውም አገሩን በሕዝቡ ዘንድ እንዳሳወቀው እነዚሁ ጥናቶች ይገልጻሉ። ቀድሞ የሄደ ወንድም ታናሹን ጠራ፤ ታናሹም ጎረቤቱን ጠራ። ደላላውም በመካከል ገባ። ይሁን እንጂ «በር ተከፍቷል» የሚለው ቃል ለዚህ ሁሉ መንፈሳዊ ስም ሰጠው። አደጋውን የሚያውቅ ወጣት እንኳ «ጌታ ያሳልፈኛል» ብሎ እንዲወስን ረዳው። «ይቅርብህ» የሚል አባትም እምነት የጎደለው ሆኖ እንዲታይ አደረገው።

እዚህ ላይ ስደት በራሱ ኃጢአት ነው ማለታችን አይደለም። ጌታችን ኢየሱስ ራሱ በሕፃንነቱ ወደ ግብፅ ተሰድዷል (ማቴ. 2፥13-15)። ሩት ከሞዓብ ወጥታ በቤተ ልሔም ቃርሚያ ለቅማ ኖራለች። የሚበላ ያጣ ሰው እንጀራ ፍለጋ ቢወጣ የሚፈርድበት ማን ነው? የምንጠይቀው ሰው ለምን ወጣ ብለን አይደለም። የምንጠይቀው በእግዚአብሔር ጥበቃ ስም ምን እየተሸጠ ነው ብለን ነው።

ያንን መዝሙር ለጌታ የጠቀሰው ማን ነበር?

ለመንገደኛ በምንጸልይበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው መዝሙር 91ን ነው። በልዑል መጠጊያ ስለሚኖር ሰው፣ ስለ ወጥመድና ስለ ቸነፈር፣ በመንገዱ ሁሉ እንዲጠብቁት ስለሚታዘዙ መላእክት የሚናገር ታላቅ የተስፋ ቃል ነው። ልናነበው ይገባል፤ ልጆቻችንንም ልናስተምራቸው ይገባል።

ነገር ግን በአዲስ ኪዳን ይህ መዝሙር በግልጽ የተጠቀሰው በማን አንደበት እንደሆነ አስተውለናል? የጠቀሰው ሰይጣን ነው (ማቴ. 4፥5-7፤ ሉቃ. 4፥9-12)። ጌታን በመቅደስ ጫፍ ላይ አቆመውና የእግዚአብሔር ልጅ ከሆንህ ራስህን ወደ ታች ወርውር፤ መላእክት ይደግፉሃል ተብሎ ተጽፏልና አለው። የጠቀሰው ቃል እውነተኛ ነው። ያቀረበው ሐሳብም እምነት ይመስላል። ጌታ ግን አልዘለለም። አምላክን መፈታተን እንደማይገባ ከኦሪት ጠቅሶ መለሰለት።

ጌታ ያልዘለለው አባቱን ስላላመነው ነው? በፍጹም አይደለም። አባቱን ስለሚያምን መፈተን አላስፈለገውም። ሰይጣን በጠቀሰው ክፍል በመንገድህ ሁሉ የሚለው ሐረግ አልተገኘም። መዝሙሩ ግን የሚናገረው በመንገዱ ላይ ስለሚሄድ ሰው ነው፤ ከገደል ላይ ራሱን ስለሚወረውር ሰው አይደለም። በመንገድ መሄድና ከጫፍ መዝለል የተለያዩ ናቸው። ልዩነቱን ሳያጣራ ቃሉን ብቻ ጠቅሶ የሚሸኝ አገልጋይ፣ ሳያውቀው የዚያን ፈታኝ ሥራ እየሠራ ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ይህ ፈተና ብዙ ጊዜ የሚመጣው በደላላ በኩል ነው። «መንገዱ አሁን ቀሏል፤ ሰዎቻችን በየኬላው አሉ፤ ደግሞ ጌታ አለ» ይላል። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር ከባድ ወንጀል ነው። ወንጀሉን የሚሠራ ሰው የእግዚአብሔርን ስም ለማባበያ ሲጠቀም ቤተ ክርስቲያን ዝም ልትል አይገባትም።

ወታደር የጠየቀና ያልጠየቀ

«እንግዲያው በእምነት የሚደረግ ነገር የለም ማለት ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። መጽሐፍ ቅዱስ ሁለት መንገደኞችን አጠገብ ለአጠገብ ያሳየናል። ዕዝራ ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዝ ከንጉሡ ወታደር መጠየቅ አፈረ። የእግዚአብሔር እጅ ከሚሹት ጋር መሆኗን ለንጉሡ ነግሮት ነበርና። ስለዚህ ጾም አውጆ ለመንገዱ ለመነ፤ እግዚአብሔርም ከሚያደባ ጠላት አዳናቸው (ዕዝ. 8፥21-23፣ 31)። ነህምያ ግን በዚያው መንገድ ሲሄድ ከንጉሡ ደብዳቤ ጠየቀ፤ የጦር አለቆችና ፈረሰኞችም አብረውት ሄዱ (ነህ. 2፥7-9)። ሁለቱም የእግዚአብሔር መልካም እጅ በእነርሱ ላይ እንደነበረች መሰከሩ። ማንኛቸውም እምነት የጎደላቸው አልተባሉም።

ሌላም ነገር ልብ እንበል። ወታደር ያልጠየቀው ዕዝራም ቢሆን ሳያስብ አልተነሣም። በእጁ የንጉሡ ደብዳቤ ነበር፤ የሚሄዱትን ሰዎች በየቤተሰባቸው ቆጠረ፤ ሌዋውያን እንደሌሉ ባየ ጊዜ ቆሞ አስጠራ፤ ብሩንና ወርቁን መዝኖ በኃላፊነት አስረከበ። በእግዚአብሔር መታመን መቁጠርን፣ መጠየቅንና መዘጋጀትን አይከለክልም።

ሐዋርያው ጳውሎስም እንዲሁ ነው። አይሁድ ሊገድሉት እንደተማማሉ በሰማ ጊዜ ነገሩ ወደ ሻለቃው እንዲደርስ አደረገ። ሻለቃውም በ470 ወታደሮች፣ ፈረሰኞችና ጦረኞች አስጠብቆ በሌሊት ላከው (ሐዋ. 23፥12-24)። ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት ግን ጌታ በአጠገቡ ቆሞ በሮም እንደሚመሰክር ነግሮት ነበር። የጌታ ተስፋ በእጁ እያለ የሻለቃውን ጠባቂዎች አልናቀም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ያለው የባሕር ጉዞ ደግሞ ለዛሬው ጉዳያችን የተጻፈ ይመስላል። ጳውሎስ ወቅቱ አደገኛ ስለሆነ መሄድ እንደማይገባ አስጠነቀቀ። የመቶ አለቃው ግን ከጳውሎስ ይልቅ የመርከቡን መሪና ባለቤት አመነ። ልከኛ የደቡብ ነፋስ ሲነፍስም አሳባቸው የተሳካ መስሏቸው ተነሡ። ብዙም ሳይቆይ ማዕበሉ መጣ። የዛሬው መንገደኛም የደላላውን ቃል ከአባቱ ምክር አስበልጦ ይሰማል፤ የመጀመሪያዎቹ ኬላዎች በሰላም ሲታለፉም በሩ የተከፈተ ይመስለዋል።

በማዕበሉ ውስጥ ግን እግዚአብሔር አልተዋቸውም። መልአኩ ለጳውሎስ ከ276ቱ ሰዎች አንድም እንደማይጠፋ ነገረው። ጳውሎስ ይህን ካመነ በኋላ ምን አደረገ? መርከበኞቹ በታንኳ ሊያመልጡ ሲሉ እነርሱ ከሌሉ መዳን እንደማይቻል ተናገረ። ሰዎቹ ምግብ እንዲበሉ አበረታታ፤ እንጀራ ቆርሶም አመሰገነ። ተስፋው እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ አላደረገውም። በመጨረሻም መርከቧ ተሰበረች፤ ሰዎቹ ግን ዳኑ።

ከመንገድ መመለስም የጌታ ጥበቃ ነው

በአገራችን የወንጌል ታሪክ ውስጥም ለዚህ ምስክር አለን። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው ምጽዋ ላይ ነፃ የወጡ ሰው ናቸው። ጌታን ካገኙ በኋላ ወደ ወገኖቻቸው ወንጌል ይዘው ለመሄድ ብርቱ ፍላጎት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1881 ከጓደኞቻቸው ጋር በሱዳን በኩል ወደ ወለጋ ለመግባት ተነሡ። መንገዱ ተዘጋ፤ እርሳቸውም በንዳድ ታመሙ፤ ቡድኑም ተመለሰ። ሌላ ጊዜ በሸዋ በኩል ሞከሩ፤ አሁንም ተመለሱ።

ዓላማው ቅዱስ ነበር፤ ጸሎቱም እውነተኛ ነበር። ቢሆንም ተመለሱ። በእነዚያ የመመለስ ዓመታት ምጽዋ አጠገብ በምኩሉ ተቀምጠው የትርጉሙን ሥራ ሠሩ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ነቀምት የገቡት በ1904 ነው፤ ከመጀመሪያው ጉዞ ከሃያ ዓመት በላይ በኋላ ማለት ነው። የተዘጋው መንገድ እግዚአብሔር ለመተዉ ምልክት አልነበረም።

ዛሬ ግን ከመንገድ የተመለሰ ወጣት በሰፈሩ እንዴት ይታያል? ታንዛኒያ ውስጥ ታስሮ የተመለሰ፣ ገንዘቡን ደላላ በልቶበት የመጣ ልጅ «ያልተሳካለት» ይባላል። በጉባኤ መካከል ምስክርነት እንዲሰጥ የሚጠራው የደረሰው እንጂ የተመለሰው አይደለም። የቤተሰቡ በሬ ተሸጧል፤ መሬቱ በብድር ተይዟል፤ ዕዳውና ሐፍረቱ ተደምረው እንደገና ወደዚያው መንገድ ይገፉታል። በሕይወት መመለሱ ትልቅ ምስክርነት መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ካልነገረችው ማን ይነግረዋል?

ሳይደርሱ ለቀሩትስ?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። የልጃቸውን ድምፅ ከሰሙ ዓመታት ያለፏቸው ወላጆች አሉ። አስከሬን ስላልመጣ ለቅሶ መቀመጥ እንኳ ያቃታቸው አሉ። «ጸሎታችን ጎድሎ ይሆን? በቂ አልጾምን ይሆን?» እያሉ በልባቸው የሚቃጠሉ እናቶች አሉ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከመድረክ «ያመነ አይወድቅም» የሚል ስብከት ይሰሙና ቁስላቸው ይብሳል።

የእግዚአብሔር ቃል እንዲህ አይልም። ዕብራውያን ምዕራፍ 11 በእምነት የአንበሶችን አፍ የዘጉትንና ከሰይፍ ስለት ያመለጡትን ይዘረዝርና፣ ወዲያውኑ በእምነት የተወገሩትን፣ በመጋዝ የተሰነጠቁትንና በሰይፍ የተገደሉትን ይዘረዝራል (ቁ. 33-38)። ሁለቱም ወገኖች በእምነታቸው ተመስክሮላቸዋል። ሦስቱ ወጣቶች በናቡከደነፆር ፊት አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል መሰከሩ፤ ባያድናቸውም ግን ለጣዖት እንደማይሰግዱ ጨመሩ (ዳን. 3፥17-18)። በእግዚአብሔር ማዳን ማመንና ውጤቱን ለእርሱ መተው በአንድ አፍ ሊነገሩ ይችላሉ።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ዘመን ከአገር እንዲወጡ ዕድል ቀርቦላቸው ነበር። መንጋቸውን ትተው አልሄዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። እግዚአብሔር አልጠበቃቸውም እንላለን? ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. አይ ኤስ የተባለው ቡድን በሊቢያ ሠላሳ ያህል ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን መግደሉን በቪዲዮ አሳየ፤ አገሪቱም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀች። እነርሱም እንጀራ ፍለጋ የወጡ መንገደኞች ነበሩ። ስለ ክርስቶስ ስም ሲሞቱ እምነት አንሷቸው ነው የሚል ክርስቲያን አልሰማንም።

በኮንቴይነር የሞቱት እንደ ሰማዕታት ሞቱ ማለታችን አይደለም፤ አሟሟታቸው የተለያየ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ለሁሉም እኩል ነው። ሞትም ቢሆን፣ ሕይወትም ቢሆን፣ ከክርስቶስ ፍቅር የሚለየን ነገር እንደሌለ ሐዋርያው ጽፏል (ሮሜ 8፥35-39)። ይህን የጻፈው ሦስት ጊዜ መርከብ የተሰበረበት ሰው ነው። በአደገኛ መንገድ የሄደ ልጅ ውሳኔው ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ጌታውን የሚያምን ከሆነ ግን በተዘጋ ብረት ውስጥም ጌታው ከእርሱ ጋር ነበር። የመጨረሻው ጥበቃ ይህ ነው። ይህን ጥበቃ ደላላ ሊሸጠው አይችልም፤ ሞትም ሊወስደው አይችልም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከመጸለያችን በፊት እንጠይቅ። ወጣቱ «ልሄድ ነው፤ ጸልዩልኝ» ብሎ ሲመጣ ሽማግሌዎች አብረውት ይቀመጡ። በየት በኩል ነው? ከማን ጋር? ስንት ተከፍሏል? ምን ተሽጦ? በሕጋዊ መንገድ ነው ወይስ በስውር? መልሱ የሚያስፈራ ከሆነ እንዲቆይ መምከር ከጸሎት አያንስም። ጳውሎስ ከማዕበሉ በፊት ያደረገው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፣ ትንቢትን እንመርምር። ትንቢትን መናቅ እንደማይገባ፣ ነገር ግን ሁሉን ፈትኖ መልካሙን መያዝ እንደሚገባ ታዝዘናል (1ተሰ. 5፥20-21)። «ወደ ውጭ ስትወጣ አይሃለሁ» የሚል ቃል ለአንድ ወጣት ሲነገር የአጥቢያው መሪዎች ሊያውቁትና ሊመዝኑት ይገባል። አብርሃም ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ወጣ የሚለውን የሚጠቅሱ አሉ። እውነት ነው፤ የጠራው ግን እግዚአብሔር ነው። ያው አብርሃም በራብ ምክንያት ወደ ግብፅ በወረደ ጊዜ በራሱ ዘዴ ሣራን አደጋ ላይ መጣሉንም አንርሳ (ዘፍ. 12፥10-20)።

ሦስተኛ፣ የተመለሱትን እንቀበል። ዕዳቸውን እናስላ፤ ሥራ የሚጀምሩበትን መንገድ አብረን እንፈልግ፤ በጉባኤ ፊት ስለ ሕይወታቸው እናመስግን።

አራተኛ፣ ያዘኑትን እናጽና። አስከሬን ባይመጣም ቤተ ክርስቲያን ሐዘናቸውን ትቁጠርላቸው፤ ስማቸውን ጠርታ ትጸልይ። «ለምን?» ለሚለው ጥያቄ ፈጥኖ መልስ ከመስጠት አብሮ ማልቀስ ይሻላል።

አምስተኛ፣ ደርሰው በዚያ የሚኖሩትን አንርሳ። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 በውጭ ዜጎች ላይ በተነሣው ጥቃት ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከዚያም በኋላ ጥቃቱ በተደጋጋሚ ተነሥቷል። በየሎኬሽኑ ሱቅ ከፍተው የሚሠሩ ወገኖቻችን በር ሲንኳኳ የሚደነግጡ ናቸው። የሚልኩትን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ነፍሳቸውንም እናስብ።

ወገኖች ሆይ፣ እግዚአብሔር ጠባቂ ነው። ስንወጣና ስንገባ ይጠብቃል፤ ይህን እምነት ማንም እንዲወስድብን አንፈቅድም። ነገር ግን ጥበቃው ልጆቻችንን ለአደጋ የምንሸኝበት የጉዞ ፈቃድ አይደለም። ሲያስጠነቅቀን የሚሰማ ጆሮ፣ ሲመልሰን የማያፍር ልብ፣ በጨለማም ውስጥ እጁን የማይለቅ መታመን እርሱ ይስጠን። በዚህች ሰዓት በመንገድ ላይ ያሉትን ሁሉ ጌታ ያስባቸው። አሜን።